ሰባት ዓመት የተሰበሰበ የፓርክ ክትትል መረጃ ለውሳኔ እንዲበቃ ከየት ይጀመር?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ቢሮ ሆኜ የአንድ ብሔራዊ ፓርክን የክትትል መረጃ እይዛለሁ። ከ2010 እስከ 2016 ዓ.ም. ስካውቶች (የፓርኩ ጠባቂዎች) የሞሏቸው ፎርሞች በካርቶን ተቀምጠዋል፤ አርባ ያህል የኤክሴል ፋይሎችና እንስሳ ሲያልፍ ራሱ የሚያነሳው ካሜራ፣ የካሜራ ትራፕ፣ ብዙ ፎቶዎችም አሉ። ባለፈው ሳምንት የፓርኩ ኃላፊ ደውለው ‹በዚህ በጋ ከብት እንዳይገባባቸው ከቀበሌዎቹ ጋር የምነጋገርባቸው ሸለቆዎች የትኞቹ ናቸው?› ሲሉኝ፣ ይህ ሁሉ መረጃ እያለ መልስ አጣሁ። ሁሉንም እንደ አዲስ ላጽዳ ወይስ ሶፍትዌር እንለውጥ?»

ምላሽ፦

ከሁለቱም የሚቀድም ሥራ አለ። ካርቶኖቹን ከመክፈትዎ በፊት ለፓርኩ ኃላፊ መልሰው ይደውሉና በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወስኗቸውን ውሳኔዎች፣ እያንዳንዱን ከሚወስኑበት ወር ጋር ያስነግሯቸው። ምናልባት የሚከተሉትን ይሰማሉ፦ በየወሩ የቅኝት ቡድኖችን የት እንደሚያሰማሩ፣ ከታኅሣሥ በፊት ስለ ግጦሽ ከየትኛው ቀበሌ ሽማግሌዎች ጋር እንደሚቀመጡ፣ በጋው ሳይጠና የእሳት መከላከያ መስመር የት እንደሚጠርጉ፣ የመንደር ውሾች ክትባት ከየት እንደሚጀመር። ከስድስትና ከሰባት አይበልጡም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ውሳኔ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፦ «ምን ያህል ቢሆን ሐሳብዎን ይለውጣሉ?» ለዚህ መልስ የሌለው ውሳኔ በመረጃ ሳይሆን በሌላ ነገር የሚወሰን ነውና፣ እሱን ለመደገፍ የሚሰበሰበው ቁጥር የስካውቶቹን ጉልበት ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም። ይህን ዝርዝር ከፎርምዎ ዓምዶች ጎን ሲያስቀምጡት ከየትኛውም ውሳኔ ጋር የማይገናኙ ዓምዶች ቁጥር ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ እኔም በሠራኋቸው ፎርሞች ላይ ያንኑ አይቻለሁ።

የክትትል መረጃ በጊዜው ውሳኔ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት የባሌ ተራሮችን ቀይ ቀበሮ ማስታወስ ይበቃል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ነገር ግን ተመራማሪዎች የቀበሮ መንጋዎቹን ለዓመታት በስማቸውና በግዛታቸው ድንበር ሲከታተሏቸው ስለቆዩ፣ ሬሳ መታየት እንደጀመረ ናሙና ተወስዶ በሽታው ተረጋገጠ፤ የትኛው መንጋ ከየትኛው ጋር እንደሚዋሰንም ስለሚታወቅ ክትባቱ ሁሉንም ለማዳረስ ሳይሞክር ሸለቆውን ከሌሎቹ አካባቢዎች ጋር በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ላይ ላሉት መንጋዎች ተሰጠ፤ በሽታውም ወደ ቀሩት ሳይሻገር ተገታ። እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ የምፈልገው የቆጣሪዎቹን ትጋት ብቻ አይደለም። ሬሳ ማየት ማለት ናሙና መላክ፣ የናሙናው ውጤት ደግሞ ክትባት ማለት መሆኑ ስለታወቀ፣ የተመዘገበው ነገር ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ዓመታዊ ሪፖርት አልጠበቀም።

ወደ እርስዎ ጥያቄ ስመለስ፣ የግጦሹን ጥያቄ ያልመለሰልዎ የመረጃ ማነስ ሳይሆን፣ እገምታለሁ፣ የአንድ ዓምድ አለመኖር ነው። ስካውቶቹ ያዩትን ከብት ጽፈዋል፤ ለማየት ምን ያህል እንደተጓዙ ግን ብዙውን ጊዜ አልጻፉም፤ ቢጽፉም በሌላ ፎርም ላይ ነው። ለምሳሌ አምና በ500 ኪሎ ሜትር ቅኝት 25 ወጥመድ ተገኝቶ ዘንድሮ በ1,500 ኪሎ ሜትር 45 ቢገኝ፣ የተገኘው ቁጥር ብቻ የሚታይበት ሪፖርት አደኑ በእጥፍ ሊጨምር እንደተቃረበ ይናገራል። በመቶ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ግን ከ5 ወደ 3 ወርዷል። ይህም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም፤ ቅኝት የሚሄደው አዳኝ ወደተጠረጠረበት ስለሆነ ቡድኑ ቦታ በለወጠ ቁጥር ምጣኔውም ይለወጣል። ስለዚህ ከቅኝቱ ጥቂቱ፣ አንድ አምስተኛው እንኳ ቢሆን፣ አስቀድሞ በተወሰኑ መስመሮች ላይ በየወሩ በተመሳሳይ ሁኔታ እንዲሄድ ማድረግ ይገባል። ኃላፊው ሊያመነቱ ይችላሉ፣ ምክንያቱም በእነዚያ መስመሮች የሚያልፈው ቀን አዳኝ የማይያዝበት ቀን ሊሆን ይችላል። ግን ከዓመት ዓመት የሚነጻጸረው ቁጥር የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከዚህ የማይተናነሰው ደግሞ «ምንም አላየንም» የሚለው ቅጽ ነው። ባዶ ፎርም በብዙ ቦታ ወደ ኮምፒውተር አይገባም፤ የሚያስገባው ሰው ምን ልጻፍ ብሎ ያልፈዋል። የእኔን ስሕተት ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ፓርክ ባዘጋጀሁት ካርታ ላይ ከብቶች በሐምሌና በነሐሴ ከአንድ ሸለቆ ሙሉ በሙሉ እንደሚወጡ አሳየሁ፤ ካርታው አምሮ ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም፣ የጥበቃ ሠራተኞችም በክረምት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በማግስቱ ዓመት አንድ ሽማግሌ ስካውት ካርታውን ትኩር ብሎ አይቶ «በክረምት እኮ ወንዙ ስለሚሞላ እኛ አንሻገርም» አለኝ። ከብቶቹ የትም አልሄዱም ነበር። ያልሄድንበትንና ሄደን ያጣነውን በአንድ ዓይነት ባዶነት ስለመዘገብኩ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። እርስዎ አሁን ከካርቶኖቹ የትኛውን መጀመሪያ እንደሚያስገቡ ከጠየቁኝ፣ መልሴ የቅኝት መውጫና መግቢያ መዝገቡን ነው፤ የትኛው ቡድን በየትኛው ቀን በየትኛው በኩል እንደወጣ ከታወቀ፣ ዕይታ ያልተመዘገበበት ቀን ዜሮ ነው ወይስ ያልተሄደበት የሚለው በአብዛኛው ይመለሳል።

ቀጥሎ ዘመን አቆጣጠሩ ይመጣል። ይህ የሌላ አገር መመሪያ የማይጽፍልን ችግር ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። «05/06/2012» የሚል ቀን የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2012? የመጀመሪያው በጋ፣ ሁለተኛው የክረምቱ ዋዜማ ነው፤ በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ። በእርስዎ ዘንድ ዕድል ሆኖ ሥራው ከ2010 እስከ 2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 እስከ 2024 ማለት ነውና ሁለቱ የዓመት ቁጥሮች አይደራረቡም፤ ዓመቱን ብቻ አይቶ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መለየት ይቻላል። ይህ ዕድል ግን 2017 ዓ.ም. ሲገባ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ «2017» የሚለው ቁጥር የክትትሉ የመጀመሪያዎቹ ወራት በአውሮፓውያን ወይም የቅርቡ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል፣ የቆየው መረጃ ከአዲሱ ጋር ሳይቀላቀል አሁኑኑ አቆጣጠሩን የሚያመለክት ዓምድ ይጨምሩበት። ዓመቱ በሁለት አኃዝ ብቻ የተጻፈባቸውን ለብቻ ያውጧቸው።

ኤክሴል የእኛን ወራት ስለማያውቅ የሚያጠፋው ደግሞ በዝምታ ነው። ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ፣ ጳጉሜን በ13ኛ ወርነት ሲጽፉለት እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። «30/02» ብለው ጥቅምት 30ን ቢያስገቡም እንዲሁ ያደርጋል፣ ምክንያቱም ለእሱ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪም 30 ቀን የለውም። ጥቅምት 28ን ግን ምንም ሳይል ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይቀበላል። ውጤቱ አንዳንዱ ቀን ከስሌት ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ የተሳሳተ ወቅት ውስጥ ይገባል፤ የሁለተኛው ክፋት የሚብሰው ምንም ምልክት ስለማይሰጥ ነው። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች፣ ወሩንም በስሙ ማስገባት፣ ወደ ሌላው አቆጣጠር የሚቀየረውን ደግሞ ከጎኑ በአራተኛ ዓምድ ማስቀመጥ ነው። ስካውቱ በለመደው አቆጣጠር ይጻፍ፤ እንዲቀይር አይጠየቅ።

ሰዓቱም ያው ነው። ስካውቱ «2:30» ሲል ጠዋት ሁለት ተኩል ማለቱ ነው፤ ካሜራ ትራፑ ያንኑ ጊዜ 8:30 ይለዋል፤ ጂፒኤሱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተስተካከለ 5:30 ይላል። ሦስቱ ተቀላቅለው አንድ ግራፍ ላይ ሲወጡ ድኩላ ቀንም ሌሊትም እንቅልፍ የሌለው እንስሳ ይሆናል። ፎርሙ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ አራት ሳጥኖች ማኖር ነገሩን ከሞላ ጎደል ይፈታዋል።

ስለ ስም አጻጻፍ፦ ለዓይናችን አንድ የሆነው ለኮምፒውተር አንድ አይደለም። ጥድ፣ ጽድ እና ፅድ ተብሎ የተጻፈ አንድ ዛፍ በቆጠራው ሦስት ዝርያ ሆኖ ይወጣል፤ ሚዳቋና ሚዳቆም እንዲሁ፤ ስካውቱ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል የጻፈው ሲጨመርበት ዝርዝሩ ይረዝማል። ይህ ግን በአንድ ቀን የሚታረም የፊደል ጉዳይ ነው። ከባዱ አንድ ስም ሁለት እንስሳ የሚጠራበት ነው። «አጋዘን» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የደጋ አጋዘን ይሁን የቆላ አጋዘን ከቦታው ከፍታ ካልሆነ በስተቀር አይታወቅም፤ «ቀበሮ» ሲባልም ቀይ ቀበሮ ይሁን ተራው ቀበሮ የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን በግምት አያርሙት። የዝርያውን መለያ ቁጥር ለብቻው ዓምድ ሰጥተው፣ ስካውቱ የጻፈውን ቃል እንዳለ ትተው፣ እርግጠኛ ላልሆኑበት «ያልተለየ» የሚል ቁጥር ይስጡት። ለዕፅዋቱ ደግሞ ዕድለኛ ቦታ ላይ ነዎት። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ከተቻለ አበባ ወይም ፍሬ ያለው፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ወደ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ቢወሰድ ትክክለኛ ስሙን ማግኘት ይቻላል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ተሠርቶ ስላለቀ የስሞቹ ዝርዝር ከእሱ ቢወሰድ ሌላ ዝርዝር መፍጠር አያስፈልግም።

የቦታ መጠቆሚያ ቁጥሮችን በተመለከተ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ፤ በአዋሽ ፓርክ የታየ ሳላ ቁጥሮቹ ቢገለባበጡ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ካለችው የሰርዲኒያ ደሴት ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ነጥቦቹን ካርታ ላይ አንድ ጊዜ መርጨት ይበቃል። ሁለተኛ፣ አገራችን ዩቲኤም በተባለው የካርታ ሥርዓት በሦስት ዞኖች ላይ ስለምታርፍ፣ ጋምቤላ በ36፣ አዋሽ በ37፣ ባቢሌ በ38፣ የዞኑ ቁጥር መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ አንድ ለሃምሳ ሺህ የሆኑት የቀድሞ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ሲሆን የዛሬው ጂፒኤስ ሌላ መነሻ ይጠቀማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። ለእንስሳ ዕይታ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የፓርኩ ወሰን ከገበሬው ማሳ ጋር ሲለካ ግን 200 ሜትር ክርክር፣ አንዳንዴም ክስ ነው።

ከሜዳ የማይሰበሰበውን ከሜዳ አይሰብስቡ። የሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል፤ ሴንቲኔል ሁለት የሚባለው በ10 ሜትር ጥራት በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ ላንድሳት ደግሞ የአሥርት ዓመታትን ለውጥ ያሳያል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ነው፤ ይህን ለማወቅ ማንም በየዓመቱ ዳርቻውን በእግሩ መዞር አላስፈለገውም። የተቃጠለ ቦታና የተመነጠረ ደንም በአብዛኛው እንዲሁ ይታያል። በሳተላይት የማይታየው ወጥመዱ፣ ሬሳው፣ በዛፍ ሥር ያለ የከብት መንጋና የእረኛው ውሻ ነው፤ የስካውቱ እግር ለእነዚህ ይቆይ።

እንግዲህ «ሁሉንም ላጽዳ?» ላሉት፣ አይሆንም እላለሁ። የሚጸዳው በውሳኔዎቹ ዝርዝር ላይ ስሙ የተጠራው ብቻ ነው፤ ለእርስዎ አሁን የቅኝት መዝገቡና የከብት ዕይታው፣ እሱም ከቅርቡ ዓመት ወደ ኋላ። ዋናውን ፋይል በምንም ምክንያት አይንኩት፤ በቅጂው ላይ ሠርተው፣ ምን እንደለወጡ፣ መቼና ለምን እንደለወጡ በአንድ ሌላ ፋይል ይጻፉ። ቆጠራው እንዴት እንደተካሄደም አብሮ ይቀመጥ፦ በየትኞቹ መስመሮች፣ በስንት ሰው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነው፤ በእነዚያ ሃያ አንድ ዓመታት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የዋልያ ቁጥር ነበር። ሃያ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ቆጠራዎችን ለማነጻጸር ቆጣሪዎቹን በስልክ ማግኘት አይቻልም፤ የጻፉትን ነው የምናገኘው። ቅጂ መያዝን በተመለከተ ብዙ አልልም፦ አንዱ ፓርኩ ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ በይነመረብ ላይ፤ ፍላሽ ቅጂ አይባልም። የቀበሮ ጉድጓድና የዋልያ መውለጃ ትክክለኛ ነጥቦች ግን ለውጭ በሚሰጥ ፋይል ውስጥ አይግቡ።

ሶፍትዌሩን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ቦታው እዚያ ስለሆነ ነው። ስማርት የተባለው የቅኝት መመዝገቢያ ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የተጓዙበትን መንገድ ከዕይታው ጋር አብሮ ስለሚይዝ ከላይ ያነሳሁትን የርቀት ችግር ከሥሩ ይፈታል፣ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለሚሰበሰበው ቢጠቀሙበት እመርጣለሁ። ያለፉትን ሰባት ዓመታት ግን ወደ እሱ ለመጫን አይቸኩሉ። የተደባለቀ ቀንና ሰዓት አዲስ ፕሮግራም ውስጥ ቢገባም ያው የተደባለቀ ነው፣ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ሰው ማመኑ ነው። ደግሞም ከፕሮግራሙ በላይ የሚያሻሽለው ነገር ስካውቶቹ የጻፉት ተመልሶ ሲደርሳቸው ነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ካርታ በአማርኛ፣ አስፈላጊ ከሆነም በአካባቢው ቋንቋ፣ ታትሞ በየጥበቃ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ «እኛ እኮ በክረምት አንሻገርም» የሚለው ቃል ካርታው ስሕተት ከሠራ ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይሆን በሳምንቱ ይደርስዎታል።

ለኃላፊው የሚሰጡት መልስ ሰባቱን ዓመት መጠበቅ የለበትም። የ2015 እና የ2016ን የቅኝት መዝገብ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ብቻ፣ ሁለት ሰው በሁለት ሳምንት ያስገባዋል። ፓርኩን በሸለቆ በሸለቆ ከፋፍለው በእያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተቃኘና ከእነዚያ ውስጥ በስንቱ ከብት እንደታየ ያስቀምጡ፤ የከብቱን ብዛት ይተዉት፣ የሩቅ መንጋ ግምት ከሰው ሰው ይለያያል። ከሁለት ዓመት ቅኝት ውስጥ በግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከብት የታየባቸውን ለውይይቱ ያቅርቡ። ከአምስት ጊዜ ያነሰ የተቃኙትን ደግሞ በካርታው ላይ ነጭ ሳይሆን ግራጫ ቀለም ቀብተው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከመቀመጣቸው በፊት እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲቃኙ ኃላፊውን ይጠይቁ።